ተከላካያችንን ስለናቁልን የቀረበ ምስጋና

ለክቡር አቶ ሃርላን ዌክስፎርድ
የወጣት ተጫዋቾች ዕድገት ዳይሬክተር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። በየካቲት ወር ሚኒሶታ ድረስ፣ እኛ ኖርዳል፣ መጥተው በዚያ ስስ የከተማ ጫማ በረዶ ላይ ቆመው ካየሁዎት ጀምሮ ስለ እግር ጣቶችዎ ሳልጸልይ የዋልኩበት ቀን የለም። እኔ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። የጋራዤ በር ግን ደኅና አይደለም፤ ወደ እሱ በኋላ እመለሳለሁ።

ስሜ ዶሎረስ ዙፓንቺች ነው፤ የኤመት ላምፒ ጎረቤት ነኝ። ረስተውት እንደሆነ፣ ኤመት ማለት ክለብዎ ከአራት ዓመት በፊት በወጣቶች ምርጫ ስሙን ጠርቶ «የእኔ ነው» ያለው፣ ከዚያም የኮሌጅ የበረዶ ላይ ሆኪውን እስኪጨርስ ድረስ እየመጣችሁ ስትመዝኑት የኖራችሁት ተከላካይ ነው። ደንቡን እዚህ የማያውቅ የለም፤ ትምህርቱን ጨርሶ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ካላስፈረማችሁት ልጁ ነጻ ነው፣ ወደ ወደደው ክለብ ይሄዳል። ከመጋቢት ጀምሮ አባቱን ጣራ በመጠገን ሲያግዝ ጥሪዎን እየጠበቀ ስልኩን ከኪሱ ለይቶ አያውቅም ነበር፤ እናቱም ስልክ በጮኸ ቁጥር ድስቷን ታሳርር ነበር። የነሐሴ አጋማሽም መጣ፣ አለፈም። የእርስዎ ስልክ አልመጣም። እንግዲህ ምስጋናዬን ለማቅረብ ከዚህ የተሻለ ጊዜ አላገኘሁም።

አንደኛ፤ ስለ ሰውነቱ ስላደረጉት አሳቢነት አመሰግናለሁ። በመጀመሪያው በጋ «ቀጭን ነህ፣ ክብደት ጨምር» ብለው ወደ ቤቱ ላኩት። ይህ ለኖርዳል ሴቶች የክተት አዋጅ ነበር። የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ሴቶች ድንችና የተፈጨ ሥጋ በትሪ እየጋገሩ በተራ አመላለሱለት፤ እኔም ካቶሊክ ብሆን አልቀረሁም፣ ዋልነት የሚጠቀለልበትን ፖቲትሳ የተባለውን ዳቦዬን ሳልቆርጥ ሙሉውን ሰጠሁት። በሁለተኛው በጋ ደግሞ «ከብደሃል፣ ቀንስ» አሉት። ልጁ ታዛዥ ነውና ቀነሰ። የሉተራን ሴቶች ግን እስከ ዛሬ አልተጽናኑም።

ሁለተኛ፤ ክፋት ይጎድለዋል ብለው ክፋት የሚያስተምር አሰልጣኝ ስለመደቡለት ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። በበጋው ልምምዳችሁ ኤመት አንድን ግዙፍ አጥቂ ከሜዳው ዙሪያ ግድግዳ ጋር እንዲያላትም ታዘዘ፤ እንደታዘዘውም አላተመው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ አነሳው፣ የወደቀ ጓንቱን አቀበለው፣ በማግሥቱም ትከሻው እንዴት እንዳደረ ሊጠይቀው ሄደ። ክቡርነትዎ በዚህ በጣም አዝነዋል አሉ። ክፉ ሰው ፍለጋ ወደ ኖርዳል መምጣት ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ መሆኑን ቀደም ብለው ቢጠይቁኝ እነግርዎ ነበር። ያለን አንድ ክፉ ሰው ነው፤ እሱም ሰማንያ ሊሞላው ነው፣ በረዶ ላይ መንሸራተትም አይችልም።

ሦስተኛው ስለ ጫማዎ ነበር፤ ከላይ ስለተነሳ ትቼዋለሁ።

አራተኛ፤ ጨዋታ ስለሚያዩበት ዐይን። በዚያ በየካቲቱ ጨዋታ ከእኔ ኋላ ተቀምጠው ለባልደረባዎ «ይሄ ልጅ እኮ ምንም ሲሠራ አላየሁም» ሲሉ ሰምቻለሁ። ክቡር ሆይ፣ ልጁ ተከላካይ ነው። የዚያ ማዶው ፈጣን አጥቂ በመጣ ቁጥር መንገዱ ተዘግቶ ያገኘዋል፤ ኤመት ፓክ የምትባለውን ጥቁር የጎማ ክብ በዱላው ጫፍ ወስዶ ለጓደኛው ያቀብልና ወደ ቦታው ይመለሳል። በረኛችን ሥራ ፈትቶ ሲያዛጋ ነው የዋለው። ምንም እንዳይፈጠር ማድረግ ሥራ መሆኑን እኛ የምናውቀው ምናልባት በማዕድን ጉድጓድ አጠገብ ስላደግን ይሆናል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በመጋቢት ወር ስለ ልጁ ጠባይና ችሎታ ለመጠየቅ ወደ ከተማችን ስልክ ደወሉ። በልጅነቱ ያሰለጠነው ሩዲ ብራጂች «ምንም አይልም» አለዎት። ፓስተር ሊንድግሬን ጥቂት አሰቡና «ደኅና ነው» አሉ። የገዛ አባቱ አርቮ «ሲነግሩት ይሰማል» ብሎ ስልኩን ዘጋ። እኔ ግን ራሴን መግታት አቅቶኝ «ከእሱ የባሰም አይቻለሁ» አልኩዎት፤ ከዚያም በአንድ ባዕድ ሰው ፊት ይህን ያህል ማሞገሴ አሳፍሮኝ ቀኑን ሙሉ ከቤት ሳልወጣ ዋልኩ። እኛ ዘንድ ዝም አይነቅዝም። የራስን ልጅ ለእንግዳ ማሞገስ ጎረቤትን ከመስደብ አይተናነስም፤ ስለዚህ አርቮ ያን ቀን የተናገረውን ሚስቱ እስከ ዛሬ በኩራት ትደጋግመዋለች።

እርስዎ ግን ይህን ሁሉ ምስክርነት ሰብስበው «የገዛ ከተማው እንኳ አያምንበትም» ብለው ጻፉ። ጽፈውም አላበቁ፤ ልጁን ጠርተው፣ እንዲማርበት ብለው፣ የእያንዳንዳችንን ቃል አነበቡለት። ጨው ነው ብለን የሰጠንዎትን ድንጋይ ነው ብለው ጣሉት።

ኤመት ያን ዕለት ከከተማዎ እንደተመለሰ በቀጥታ የመጣው ወደ እኔ ወጥ ቤት ነው። ኮፍያውን በእጁ እያሻሸ በሩ ላይ ቆመ።

«እማማ ዶሊ፣ እውነት ከእሱ የባሰም አይቻለሁ ብለዋል?»

«ብያለሁ» አልኩት።

ጆሮው ድረስ ቀላ። «አበዙት እኮ» አለኝ፤ ዐይኑም እንባ አቀረረ። እኔም የማደርገው ጠፍቶኝ ፖቲትሳ ቆረጥኩለት። ክቡር ሆይ፣ ልጁን ሊያሳፍሩበት ያነበቡት ወረቀት በሕይወቱ ከሰማው ሙገሳ ሁሉ የበለጠው ነበር፤ ለዚህም ከልቤ አመሰግናለሁ።

ባለፈው ሳምንት፣ የእናንተ ቀን ባለፈ በማግሥቱ፣ ከሌላ ክለብ አንድ ሰው ደወለልኝና ያንኑ ጥያቄ ጠየቀኝ። ያንኑ መልስ ሰጠሁት። «ወይዘሮ ዙፓንቺች፣ ይህን ለሌላ ክለብ ተናግረዋል?» አለኝ። ለካስ የሰውዬው እናት የተወለደችው ከእኛ ቀጥሎ ባለው የማዕድን ከተማ ኖሯል። በማግሥቱ ወፍራም ጫማ አድርጎ መጣ፣ ፖቲትሳዬን ሁለት ጊዜ አስጨመረ፣ ኤመትም ጣራ ሲጠግን በዋለበት ልብስ እኔው ጠረጴዛ ላይ ፈረመ። አርቮ ውሉን አገላብጦ አየና «ምንም አይልም» አለ። ሚስቱ ወደ ጓዳ ገብታ አለቀሰች።

በሁላችንም መካከል የቀረ አለመግባባት እንዳይኖር አንድ ጊዜ ብቻ በእናንተ አገር ልማድ ልናገር። ኤመት ላምፒ ካየኋቸው ተከላካዮች ሁሉ ይበልጣል። ከዚያም በላይ ደግ ልጅ ነው፤ ወልጄው ቢሆን እኮራበት ነበር፣ ባልወልደውም እኮራበታለሁ። ይኸው፣ ተናገርኩት፤ አሁን መስኮቴን ከፍቼ ትንሽ አየር ልውሰድ።

ውለታዎን ቆጥራ የማትጨርስ፣ ለእግር ጣቶችዎ መጸለይዋንም የማታቋርጥ፣

ዶሎረስ ዙፓንቺች
ከኖርዳል

ማስታወሻ፦ «ምቱ ደካማ ነው» ብለው የጻፉትን በተመለከተ፣ ልጁ ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ ፓክ ሲመታበት ያደገው የጋራዤ በር በማናቸውም ጊዜ ለጉብኝት ክፍት ነው፤ መክፈት እንኳ አያስፈልግም፣ በቀዳዳው ይታያል። ይህ ደብዳቤ የሚወጣበትን የከተማችንን ጋዜጣ ኤመት ሙገሳዬን እንዳያይ ማለዳ ከደጃቸው አነሳዋለሁ። በጥቅምት ወር አዲሱ ክለቡ ከእናንተ ጋር ሊጫወት ወደ ከተማዎ ሲመጣ ግን እርስዎ ፊት ለፊት እንዲቀመጡ እለምናለሁ። ያን ቀንም ምንም እንደማያዩ ተስፋ አለኝ፤ በተለይ ጎል።