ፊታቸውን ወደ እንግዳ ያዞሩ ስፒከሮች

ሐሙስ

ደግሞ «ኤኮ ጨምር»! ገና ገመድ ዘርግቼ ሳልጨርስ። የእሁዱ በዓል አዘጋጅ ጋሽ ታዬ ማይኩን ነጥቀው «አሎ፣ አሎ» አሉበት፤ ድምፃቸው ሰፈሩን ካላናጋ የተናገሩ አይመስላቸውም። ጨመርኩላቸው። አንድ ቃል የሚለይ ጠፋ፤ እሳቸው ደስ አላቸው። አሥራ ሁለት ዓመት ቤዝ ጊታር ተጫውቼ ድምፅ ልቆጣጠር ሚክሰር ፊት የተቀመጥኩት ለዚህ ነው? አንገሸገሸኝ።

ለነገ፦ ረጅም ገመድ ሁለት፣ ፕላስተር፣ ትዕግሥት።

አንድ ጥሩ ነገር አለ። እሁድ ጫልቱ ትዘፍናለች። በባንዳችን ስድስት ዓመት አብረን ሠርተናል፤ ከወለደች ወዲህ መድረክ አልወጣችም። ከአሰላ ወጣ ብላ ከምትኖርበት ከሳጉሬ ደውላ «ሌላ ምንም አልፈልግም። ድምፄን ብቻ አሰማኝ፤ ራሴን ካልሰማሁ እጠፋለሁ» አለችኝ። እሱን ለእኔ ተይው አልኳት።

ዓርብ

ሁለቱን ሞኒተር ስፒከሮች መድረኩ ጫፍ ላይ፣ ፊታቸውን ወደ ዘፋኟ አድርጌ አስቀመጥኩ። ራሷን የምትሰማው በእነሱ ነው። ጫልቱ ለልምምድ መጥታ ዓይኗን ጨፍና ዘፈነች። ድምፅዋ ወፍሯል፣ አምሮበታል።

እሷ ከሄደች በኋላ ጋሽ ታዬ መጡ። «ነውር አይደለም እንዴ! ለክብር እንግዳ ጀርባ ይሰጣል?» ሙዚቀኞቹን መስሎኝ ነበር። ለካ ስፒከሮቹን ነው! ለምን እንደዞሩ አስረዳኋቸው። «ገባኝ፣ ገባኝ» አሉ። አልገባቸውም።

ቅዳሜ

ዝናብ። ሸራ ስጎትት ዋልኩ። ጋሽ ታዬ የክብር ወንበሮቹን ሦስት ጊዜ አስደረደሩ። ስለ ድምፅ የጠየቀኝ የለም።

እሁድ

ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ጠዋት ስደርስ ሁለቱም ሞኒተሮች ወደ እንግዶቹ ወንበር ዞረዋል። ተወልውለዋል። በላያቸው የፕላስቲክ አበባ ተቀምጧል። አበባ! መልሼ አዞርኳቸው። ሚክሰሩ ጋ ደርሼ ቀና ስል ጋሽ ታዬ እንደገና አዙረዋቸዋል። ዓይን ለዓይን ተጋጨን፤ ጣታቸውን ነቀነቁብኝ። እንግዶቹ እየገቡ ነበር። የሚቀጥለው ወር የመድረክ ሥራዬም በእሳቸው እጅ ነው። ዝም አልኩ።

ጫልቱ ወጣች። ከመጀመሪያው ስንኝ ጀምሮ ሙዚቃው በአንድ በኩል፣ ድምፅዋ በሌላ በኩል ሄደ። ጎንበስ ብላ የስፒከሩን ጀርባ ለመስማት ሞከረች። ወደ እኔ ዞራ በከንፈሯ «ማል ታኤ?» አለች፤ ምን ሆነ? እኔ ሚክሰሩ ላይ አቀረቀርኩ። አንድ ሰው ሳቀ። ሳትጨርስ ወረደች። እንግዶቹ በጨዋ ደንብ አጨበጨቡ፤ እሱ ደግሞ ይብሳል።

ጋሽ ታዬ «ልጅቷ ድሮም እንዲህ ናት?» አሉኝ።

«ከመድረክ ርቃ ቆይታለች» አልኳቸው።

እንዲህ ብዬ መለስኩ። ትፍ!

ሰኞ

በጠዋት ሚኒባስ ሳጉሬ ሄድኩ። ጫልቱ ሱቋ ደጃፍ ስንዴ በጣሳ ትሰፍራለች። ቀና ብላ አላየችኝም።

«ጆሮዬ ሄዷል» አለች። «ከወሊዱ ነው መሰለኝ። ሁለተኛ አልዘፍንም፤ ለባሌም ነግሬዋለሁ።»

ሁሉንም ነገርኳት። መዞራቸውን፣ አበባውን፣ አይቼ ዝም ማለቴን። ለጋሽ ታዬ የመለስኩትንም ጭምር። ጣሳውን አስቀመጠች።

«ጆሮዬ ደህና ነው ማለት ነው?»

«ደህና ነው።»

ሳቀች። ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠራረገች። ከዚያ የእኔ ጥፋት ትዝ አላት።

«ሮቤ ከተማ ለሰርግ ጠርተውኝ እምቢ ልል ነበር። እሄዳለሁ። ድምፅ የሚሠራ ሰው ፈልግልኝ።»

«እኔ አለሁ አይደል?» አልኳት።

«አንተማ ሥራውን ታውቃለህ። የምታመጣው ሰው ባያውቅም ግድ የለኝም፤ ዝም የማይል ሰው ፈልግልኝ» ብላ ወደ ስንዴዋ ተመለሰች።

እሺ ብያት መጣሁ። ትዘፍናለች፤ ይሄ እፎይ አሰኝቶኛል። ስልኬን ይዤ አሰላ ውስጥ የማውቃቸውን የድምፅ ሠራተኞች ስም አንድ በአንድ አየሁ። ሁሉም ሥራውን ያውቃሉ፤ ዝም የማይለውን ግን መለየት አቃተኝ። እስካሁን ለማንም አልደወልኩም።