የመጋዙ ብሎን

ቡሬ፣ ጥቅምት ፲፭ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.

ለተከበሩ ወንድሜ ለጋሼ ክንዱ፤ ስደቱ እንደ አገር ይሁንልዎ። ልጻፍ ወይስ ልተው እያልሁ ሰነበትሁ።

እኛ ደኅና ነን። አባባ የጣሊያኑን የሞተር መጋዝ እንዲጠግኑ ታዘዋል። ቤንዚንና አየር የሚያቀላቅለውን ካርቡራቶሬ የሚያጸዱት፣ የቤንዚኑን መጠን የሚወስነውን ብሎን የሚያጠብቁትና የሚያላሉት እሳቸው ናቸው። ጎረቤቱ «ባንዳው ቀጥቃጭ» ይላቸዋል። መጋዙ ግን ወይራውን ሁሉ ሲጥል ውሎ፣ እናታችን ከተቀበረችበት ከማርያም ቤተ ክርስቲያን ጥድ ሲደርስ ያስለውና ይቆማል። አባባ «ብርዱ ነው» ይላሉ። ትናንት ጣሊያኑ፣ ማንም ቢነካው እንዲታወቅ፣ ብሎኑ ላይ በጠመኔ አሰመረ። አባባ ራታቸውን አልበሉም።

ምሳ ሳደርስላቸው የካርቡራቶሬውን ቀዳዳ በፈረስ ጭራ መጥረግ፣ ብሎኑንም ማላላት አስተምረውኛል።

እግዜር ዓይን ለዓይን ያገናኘን። ነገ መጋዙ ወደ ጥዱ ይመለሳል፤ አባባ ሳይነሱ ብሎኑ ዘንድ እኔ እቀድማለሁ። ጠመኔው ከተፈለገ ከእኔ ጣት ይገኝ።

እኅትዎ እናኑ