ወደ ዘንገና የምታወርደው መንገድሽ

ለውዷ ባለቤቴ ለጥሩዬ፣

ተስቦው ከእኔ ከለየሽ ሁለተኛው ክረምት ወጣ። ይህ ወረቀት የት እንደሚደርስሽ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ያልነገርኩት ነገር ስላለብኝ ግን ላንቺው ልጽፍ ተቀመጥኩ።

ቤቱ ደህና ነው። ጣራውን ዘንድሮ አስከደንኩት። ዳማዋ ባዝራ ወልዳለች። የደን ጥበቃ ሥራዬን አልተውኩም፤ ጉልበቴ ግን ትቶኛል። ከዘንገና ሐይቅ ተነሥቼ አፋፉ ላይ እስክደርስ ሦስት ጊዜ እቀመጣለሁ።

ልነግርሽ የፈለግሁት ስለ መንገዷ ነው።

ያን ዓመት ነፍሰ ጡር ሆነሽ ውሃ ልትቀጂ ስትወርጂ ጭቃው አንሸራቶሽ እስከ ታች ተንከባለልሽ። ልጃችንም በዚያው ቀረ። ከዚያ በፊት "ለቁልቁለቱ ደረጃ ብታበጅለት ምናለ?" ብለሽኝ ነበር፤ እኔ "ነገ፣ ነገ" እያልኩ ከረምኩ። ከአልጋ በተነሣሽ በወሩ ዶማ ይዘሽ ወጣሽ። ተከትዬሽ ብመጣ ቀና ብለሽ አላየሽኝም። "ሌላዋ እንዳትወድቅ ነው" አልሽና መቆፈርሽን ቀጠልሽ። ከዚያ በኋላ ሁለታችን ድንጋይ እየተሸከምን፣ በዛፎቹ መሐል እየተጠማዘዘች የምትወርድ መንገድ አበጀን። ያስቀመጥኩት ድንጋይ ከተነቃነቀ በአገውኛ ትቆጪኝ ነበር፤ ስትናደጂ አማርኛው ይጠፋሽ ነበርና።

የካቲት ላይ ከእንጅባራ አንድ ሹም መጣ። "ሐይቁን የሚያዩ የውጭ አገር እንግዶች በግንቦት ይመጣሉ፤ በበቅሎ የሚያስወርድ ቀጥ ያለ ሰፊ መንገድ ይቀደድ" አለ። ዛፉ ከተቆረጠ ቁልቁለቱ እንደሚናድ አውቃለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የጠበቅሁት ደን ነው። ግን ዝም አልኩ። ደክሞኝ ነበር፣ ጥሩዬ። ሰው ሲደክመው "እሺ ጌታዬ" ማለት ይቀለዋል። ከሥሯ አረፍ የምትይባት ትልቋ ዝግባ ስትወድቅ ቆሜ አየሁ። የታችኞቹ ደረጃዎችሽ በግንዷ ተሰባበሩ።

ግንቦት ላይ ዝናቡ ቀድሞ ገባ። አዲሱ መንገድ በሁለት ቀን የጎርፍ ቦይ ሆነ፤ ሐይቁም በዚያ በኩል ደፈረሰ። እንግዶቹ ሲመጡ በቅሎዎቹ እግራቸውን ተክለው አንወርድም አሉ። ሹሙ ወደ እኔ ዞሮ "ሌላ መንገድ የለም?" አለኝ።

"አለ ጌታዬ" አልኩና በአንቺ መንገድ አወረድኳቸው። የተሰበረው ቦታ ላይ እጃቸውን እየያዝኩ አሳለፍኳቸው። አንዲት ሸምገል ያለች ፈረንጅ እንኳ በትሯን ተመርኩዛ ሳትወድቅ ደረሰች። "ይህን ማን ሠራው?" ብላ በአስተርጓሚ አስጠየቀችኝ።

"ባለቤቴ" አልኩ።

ሹሙ ሲመለስ ሰፊው መንገድ በእሾህ እንዲታጠር፣ የቀረውም ዛፍ እንዳይቆረጥ አዘዘ።

አሁን ሰው ሁሉ "ደኑን አተረፍከው" ይለኛል። እኔ አላተረፍኩትም፤ ዝናቡ ነው። እኔ ሁለት ጊዜ በድዬሻለሁ፤ አንዴ ነገ ብዬ፣ አንዴ ዝም ብዬ። ይቅር በይኝ። መልስሽን እንደማልሰማ እያወቅሁ ነው የምለምንሽ።

ባለፈው ቅዳሜ የተሰበሩትን ደረጃዎች ስጠግን ውሃ ቀጂዎቹ ሴቶች እንሥራቸውን አስቀምጠው አገዙኝ። በቅርብ የተዳሩ፣ አንቺን የማያውቁ ነበሩባቸው። አንዷ "አባባ፣ ለመሆኑ ይህችን መንገድ ማን ጀመራት?" አለችኝ። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳቸው። ስለ ልጃችንም ነገርኳቸው፤ እስከዚያች ቀን ድረስ ለማንም አውርቼ አላውቅም ነበር።

እስትንፋሴ እስካለች ድረስ ለሚወርደው ሁሉ ስምሽን እነግራለሁ። መውረድ ሲያቅተኝም አፋፉ ላይ ተቀምጬ እነግራለሁ።

ያንቺው ዓለሙ