ይድረስ የልጄን የደረት ብረት ላዞረው ትከሻ

ለተከበሩ ጋሽ ከበበው፣
የብሎካችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ጀሞ፣ ነፋስ ስልክ ላፍቶ

ክቡርነትዎ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ በተለይ ደግሞ ቀኝ ትከሻዎ እንዴት ከርሟል? እኛ ሆስፒታል ከመመላለሳችን በቀር አላህ ይመስገን ደህና ነን።

እንደሚያስታውሱት፣ የአሥራ አራት ዓመቱ ልጄ አናስ ደረቱ ወደ ውስጥ የጎደጎደ ስለነበር ሐኪሞች ከጎድን አጥንቱ ሥር ብረት አስገብተው አቃኑለት። በዚያ ሁሉ ሙቀት ጃኬቴን አላወልቅም ይል የነበረው ልጅ በቲሸርት መስታወት ፊት ቆሞ ባየሁት ጊዜ፣ እውነቱን ልንገርዎ፣ አለቀስኩ። ሐኪሙ ብረቱ ቦታውን እስኪይዝ ድረስ መታቀፍም ሆነ መገፋት እንደሌለበት አጥብቀው ስላሳሰቡን፣ “እባክዎ በእጅ ብቻ ሰላም ይበሉ” ብለን በራችን ላይ ለጠፍን። ከዚያ እርስዎ ሊጠይቁን መጡ። ምስጋናዬንም በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

፩ኛ/ ማስታወቂያውን ተከትለውዎት ለመጡት ጠያቂዎች ሁሉ ጮክ ብለው ስላነበቡልን እናመሰግናለን። ይህ የሚመለከተው እንግዳን ነው፣ እኛ ቤተሰብ ነን ሲሉ የሰጡት ማብራሪያም በጣም ግልጽ ነበር።

፪ኛ/ ልጁ የዘረጋልዎትን እጅ ይዘው ወደ ራስዎ ስበው፣ ወንድ ልጅ ሰላም የሚባለው እንዲህ ነው እያሉ ትከሻ ለትከሻ ደጋግመው ስላጋጩልን ውለታዎ አለብን። ፊቱ ሲገረጣም በደስታ ነው ብለው አረጋግተውናል።

፫ኛ/ ራጅ ተነስቶ ብረቱ መዞሩ በታወቀ ጊዜ፣ ጥፋቱ የብረቱ ጥራት እንደሆነና የደረጃችንን መደገፊያ የበየደው ወጋየሁ ተጠርቶ ቢሆን ኖሮ ንቅንቅ እንደማይል በስብሰባ ላይ አስረድተዋል። ይህንኑ ለሐኪሙ ስነግራቸው መነጽራቸውን አውልቀው የወጋየሁን ስም ደግሜ እንድነግራቸው ጠየቁኝ፤ ተደንቀው ይመስለኛል።

፬ኛ/ ልጁ ዳግም ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ብረቱ ወደ ቦታው ከተመለሰ በኋላ፣ ቅዳሜ ከሆስፒታል እንደሚወጣ ሰምተው ብሎኩ በሙሉ ለጥየቃ እንዲወጣ በቴሌግራም ጥሪ አስተላልፈዋል። ጋሽ ከበበው፣ እዚህ ላይ ፈርቻለሁ። ልጄ ለሦስተኛ ጊዜ ቀዶ ጥገና ክፍል ሲገባ ቆሜ ማየት አልችልም።

ስለሆነም የማያልቀውን ፍቅርዎን ግቢ ውስጥ እንደቆሙ፣ እጅዎን በማውለብለብ ብቻ እንዲገልጹልን በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ። እኛም ከበረንዳችን ላይ ሆነን በአክብሮት እንቀበላለን።

ከትከሻዎ በአራት ፎቅ ርቀት ላይ ሆኖ ዕድሜና ጤና የሚመኝልዎት፣
አክባሪ ጎረቤትዎ
ኑሪ፣ የአናስ አባት

ማሳሰቢያ፦ ከመጀመሪያው ቀዶ ጥገና ወዲህ የወለደችው እናቱ እንኳ አላቀፈችውም፤ ጣቶቹን ብቻ ይዛ ትቀመጣለች። ሐኪሙ የፈቀዱ ቀን ተራው የእሷ ነው። እርስዎ ከኋላዋ ይሰለፉ።