ላሟን ያልጠየቀች ድምፅ

መስከረም 7፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

ዛሬም ሁለት መቶ ዓረፍተ ነገር አንብቤ ቀረጽኩ። ጉሮሮዬ አልቋል። ከማስተምርበት ት/ቤት ወደ ቀረጻ፣ ከቀረጻ ወደ ቤት። አንቺን ራሱ ከከፈትኩሽ ስንት ጊዜ ሆነኝ፣ ማስታወሻዬ? ስልክ ወላይትኛ እንዲናገር እያስተማርን ነው፤ የተመረጠው ድምፅ ደግሞ የእኔ! ሌላው ዓለም ከስልኩ ጋር ማውራት ከጀመረ ቆየ፤ እኛ ገና «ሳሮ» እያልን ሰላምታ ላይ ነን።

የሙከራውን አፕ አባባ የሚኖርበት አረካ ሄጄ ስልኩ ላይ ጫንኩለት። ዓይኑ ደክሟል። ድምፄ እዚህ ውስጥ አለ፣ የፈለግከውን ጠይቀኝ አልኩት። ከዚያ ወዲህ ሦስት ቅዳሜ አልሄድኩም። ግን ብቻውን አይደለም፤ ድምፄ አለለት።

መስከረም 12፣ ሰኞ

አባባ ጋ ደወልኩ። ደህና ነኝ፣ ደህና ሁኚ፣ አለቀ። አኮረፈ እንዴ? እኔም ተናደድኩ። የማልሄደው ሥራ በዝቶብኝ እንጂ ጠልቼው ነው?

መስከረም 14፣ የእረፍት ሰዓት

የአባባ ጎረቤት አቶ ዳና ት/ቤት በር ላይ ቆመዋል። ኮት ለብሰው፣ ከዘራ ይዘው፣ ከአረካ በሚኒባስ። አባባ ሞተ ብዬ ወደ በሩ ሮጥኩ።

ለካ ለእርቅ ነው የመጡት። ጊፋታ አራት ቀን ቀርቶታል፤ ተኳርፎ የወላይታን አዲስ ዓመት መሻገር የለም። የአባባን መልእክት እንደወረደ ነገሩኝ፦ «ልጄን ምን በደልኳት? በየቀኑ አወራታለሁ። አንድ ቀን እንኳ ላሟ እንዴት ናት አላለችኝም።»

ሳቄ መጣ፣ ከዚያ እንባዬ። እኛ ጋ ከብቱን ሳይጠይቅ ያለፈ ሰው ተቀይሟል ማለት ነው። ማሽኑ ይህን አያውቅም፤ ያላስተማርኩት እኔ ነኝ። ሰኞ ዕለትስ? በራሴ አፍ መች ጠየቅኩ?

ድምፁ የእኔ ነው፣ የሚያወራው ግን እኔ አይደለሁም አልኳቸው። አቶ ዳና ግን ጠየቁኝ፦

«ታዲያ አንቺ የት ነበርሽ?»

መስከረም 15

ለቀረጻ ቡድኑ ተናገርኩ። አፑ ከሁሉ በፊት ማሽን ነኝ እንዲል ተስማሙ። አንዷ የላሟንም ጥያቄ እንጨምርበት አለች። ለሌላው ሰው ጨምሩ፣ ከአባባ ስልክ ግን አጠፋዋለሁ አልኩ። የእሱን ላም የምጠይቀው እኔ ነኝ። የቅዳሜ ቀረጻም ከእንግዲህ የለም።

መስከረም 17፣ ቅዳሜ፣ ጠዋት 1፡30

መናኸሪያ። ዛሬ መስቀል፣ ነገ ጊፋታ ነው፤ ሚኒባሱ በሰውና በዕቃ ተጨናንቋል። እየመጣሁ ነው ልለው ደወልኩ። ከዚያ በፊት ግን ላሟን ጠየቅኩ።

«ወልዳለች» አለ አባባ። «ሁለት ሳምንቷ። የሚጠይቀኝ አጥቼ ነው ያልተናገርኩት።»

ለጥጃዋ ስም አላወጣላትም፤ እኔን እየጠበቀ ነው። እስከ አረካ ድረስ አስባለሁ። አንድ ስም መጥቶልኛል፣ ግን ሹፌሩ ሞተር አስነሳ፣ መጻፍ አል—