የሁለት ሳሎን ባቡር

ውድ ተቆጣጣሪ፣

ከሰላምታ በፊት ጸብ አለኝ። ቤቱን ስትለቅ በሳሎኖቻችን መሃል ግድግዳ ላይ ስለፈለፈልነው ቀዳዳ ለአከራያችን ነግረሃታል ብዬ ነበር። አንተ ደግሞ «ልብስ ሰፊው ይነግራታል» ብለህ እንደሄድክ አሁን ገባኝ። ሁለታችንም ዝም አይነቅዝም ብለን ተቀመጥን፤ ይኸው ነቀዘ። ቅዳሜ ግንበኛ ሲሚንቶ ይዞ ይመጣል። የባቡር መስመራችንን ሊደፍነው ነው።

ስልክማ ደውዬልህ ነበር። አንተ በስልክ «ደህና ነኝ፣ እናንተስ፣ በሉ ቻው» ከማለት ሌላ አታውቅም። የአውቶቡስ ተቆጣጣሪ የነበርክበት ልማድ ይሆናል፤ ሰው ሁሉ ቲኬቱን አሳይቶ እንዲያልፍ ትፈልጋለህ። ስለዚህ ደብዳቤውን ወደናንተ ከተማ አውቶቡስ ለሚነዳው ለድሮ ባልደረባህ እሰጠዋለሁ።

ለማስታወስ ያህል፣ ቀዳዳው ያንተ ሐሳብ ነበር። ከፕላስቲክ ጡብ የገጣጠምነውን መጫወቻ ባቡር እኔ ሳሎን ውስጥ ስናስኬደው፣ ጠረጴዛውን ሲዞር ዋለና ሰለቸህ። «መስመር ማለት መነሻና መድረሻ ያለው ነው» አልከኝ። «ይሄ መስመር አይደለም፣ ራስ ማዞር ነው።» ከዚያ ግድግዳውን አየኸው። ከግድግዳው ወዲያ ያንተ ሳሎን አለ። እኔ ደግሞ ሞኝ ነኝ፣ ሜትሬን ከአንገቴ አወረድኩ።

ቁመቱንና ስፋቱን ለካሁ፣ ትንሽ ሰፋ ይበል ብዬ ጨመርኩ። ሎኮሞቲቩ ሳይነካ አለፈ። ረጅሙ ፉርጎ ግን መሃል ላይ ተቀረቀረ። ለካ ሐዲዱን ልክ ግድግዳው ሥር አጥፈነው ኖሯል፤ ፉርጎ ሲታጠፍ ደግሞ ወገቡ ወደ ውስጥ፣ ጭራው ወደ ውጭ ይሄዳል። ዕድሜዬን ሙሉ ሱሪ ሰፍቼ፣ ደንበኛ ቆሞ ሲለካ የሚሆነው ሱሪ ሲቀመጥ እንደሚተረተር እያወቅኩ፣ ባቡሩን አቁሜ ለካሁት። አንተ እየሳቅክ መሮውን አነሳህ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብለን ስንፈለፍል፣ ስንፈለፍል፣ ድመት የሚያሳልፍ ቀዳዳ ሆነ። ባለቤቴ መጥታ አየችና «ሰው ሲያረጅ ቤቱን ያድሳል፤ እናንተ ስታረጁ ግድግዳ ትበላላችሁ» አለች። ከዚያ በኋላ ሶፋውን ወደዚያ ገፋችልንና ሸፈነችው።

ሪሞቱ እንደ ቴሌቪዥን ሪሞት ነው፤ ግድግዳ አያልፍም። ለዚህ ነው ሁለት የገዛነው። እኔ በዚህ በኩል በደረቴ ተኝቼ «መጣልህ!» እላለሁ፤ አንተ በዚያ በኩል በደረትህ ተኝተህ «ተቀበልኩ» ትላለህ፤ ታቆመዋለህ። ቀጥሎ «ዘግይቷል» ትላለህ። አንድም ቀን በሰዓቱ ደርሶልህ አያውቅም። ከምን እንደዘገየ እስካሁን አልገባኝም።

ከዚያ ልጅህ «አባዬ ብቻውን አይኖርም» አለች። እውነቷን ነው፤ ምንም አልልም። ዕቃህን ስንጭን ግን ባቡሩን የተካፈልነው አካፈል አሁን ሳስበው ያስቀኛል፣ ያናድደኛልም። «ልጄ የምትሰጠኝ ክፍል ጠባብ ናት፣ ክብ ብቻ ነው የምታስገባው» ስትል ኩርባ ሐዲዶቹን ሁሉ ከነመስመር መቀያየሪያው ሰጠሁህ። «አንተ ኮሪደር አለህ» ብለህ ቀጥ ቀጥ ያሉትን ሰጠኸኝ። ሎኮሞቲቩን «አንተ ውሰድ»፣ «በሞቴ አንተ ውሰድ» ተባብለን አንተ ወሰድከው፤ ፉርጎዎቹ ለእኔ ቀሩ። ባልና ሚስት ሲፋቱ እንኳን ድስቱን ለአንዱ፣ ክዳኑን ለሌላው አይሰጡም። ያን ቀን ስለ ሐዲድ ብቻ አወራን። ሌላ የምለው ነበረኝ፤ አፌ ላይ መጥቶ ተመለሰ።

እንግዲህ ቀጥ ያለ ሐዲድና ጎታች የሌለው ፉርጎ ይዤ ቀረሁ። ከመጫወቻ ባቡር መሸጫው ሱቅ ሞተርና የባትሪ ሳጥን ገዝቼ የራሴን ሎኮሞቲቭ መሥራት ጀመርኩ። በመጀመሪያ ማርሾቹን ገልብጬ ገጠምኳቸው፤ ትልቁን ከሞተሩ፣ ትንሹን ከጎማው። እንደለቀቅኩት ኮሪደሩን ሰንጥቆ የባለቤቴን እግር መታ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፣ ያንተው ግን ሳይፈለፈል በረረ» አለችኝ። ገልብጬ ስገጥመው ረጋ አለ። የባትሪው ሳጥን ወፍራም ስለሆነ አካሉን ሰፋ አድርጌ በትርፍ ግራጫ ጡብ ሸፈንኩት፤ ከላይ ቀይ ጭስ ማውጫ አቆምኩለት። ባለቤቴ አይታው «ጉማሬ» አለችው። ስሙ በዚያው ጸና። መልኩ አያምርም፤ ፉርጎዎቹን ሁሉ ግን አንድ ላይ ይጎትታል፤ ያንተው እኮ ሦስተኛው ላይ ነበር የሚያቃስተው።

ባለፈው እሁድ ረፋድ ላይ ሶፋውን ገፍቼ፣ ሐዲዱን እስከ ቀዳዳው አፍ ዘርግቼ ጉማሬን ለቀቅኩት። ሐሳቤ ቀዳዳው ሥር ላቆመው ነበር። ባንተ ቤት አዲስ ተከራይ ዕቃ ማስገባቷን አውቃለሁ፤ ሰው ግን ገና አልገባም ብዬ ነበር። ጉማሬ ወደ ቀዳዳው ሲቃረብ ግን ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ጣቴ ማቆሚያው ላይ እያለ አፌ «መጣልህ!» አለ። አለፈም። እኔም ተኝቼ «ተቀበልኩ» የሚለውን ጠበቅኩ።

የመጣው ጩኸት ነው። ቀጥሎ ጫማ ሲወረወር ሰማሁ።

ወዲያው በሩ ተንኳኳ። አንዲት ወጣት ሴት ጉማሬን አንጠልጥላ ቆማለች፤ ጎማው አሁንም ይሽከረከራል፣ ጭስ ማውጫው የለም።

«ጋሼ፣ ይሄ የናንተ ነው?»

«አዎ ልጄ።»

«የልጅ ልጅ አለዎት?»

«የለኝም።»

«ታዲያ ማን ነው የሚጫወትበት?»

ባለቤቴ ከወጥ ቤት «እሱ ነው፣ እሱ» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

ነርስ ናት። ሆስፒታል ስትሠራ አድራ፣ አልጋዋ ገና ስላልተገጣጠመ ፍራሹን መሬት ላይ ዘርግታ ተኝታ ነበር። «እግሬን ገፋኝ» አለች። «አይጥ መስሎኝ መታሁት። አይጥ ፉርጎ አስከትሎ ሲመጣ አይቼ አላውቅም።» መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድኩ።

ጩኸቱን ሰምታ አከራያችን ወጣች። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ፣ መጀመሪያ የያዘችው ነርሷን ነው። «ገና ከመግባትሽ ግድግዳዬን ፈነቀልሽው?» አለቻት። እኔ ነኝ፣ እኔና ተቆጣጣሪው ነን አልኩ። ቀዳዳውን ጎንበስ ብላ ስታይ ቆየችና «ሁለት ትልልቅ ሰዎች» አለች፤ ሌላ ስድብ አላስፈለጋትም። ግንበኛውን እዚያው በስልክ ጠራችው። ቅዳሜ እመጣለሁ አላት።

ያን ቀን ሁለት እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁ ብልህ ታምነኛለህ? እሁድ ስለሆነ ሥራ አልነበረኝም፤ እንዲሁ ተነስቼ የሰፋሁት ነው፣ ነገሩን ለመርሳት።

አመሻሹ ላይ ነርሷ ወደ ሥራ ስትወጣ ጭስ ማውጫውን ይዛ መጣች። ከጫማዋ ሥር አግኝታው ነው። ጉማሬ ላይ ራሷ ገጠመችውና «ለምንድን ነው እኔ ቤት ድረስ የሚሄደው? እዚሁ አይሄድም?» አለችኝ። ነገርኳት። ስላንተ፣ ስለ ሁለቱ ሪሞት፣ «ዘግይቷል» ስለምትለው ሁሉ። ባለቤቴም ረዳችኝ፤ ከእኔ ይልቅ እሷ አሳምራ ተናገረችው።

ነርሷ ሰምታ ስትጨርስ «እኔ መስመሩ ይዘጋ አላልኩም» አለች። «ግን ተኝቼ እየተነሳሁ ባቡር ሳቆም አልውልም። ገብቶ፣ ጥግ ጥጉን ዞሮ፣ ራሱ ይውጣ። ሲወጣ አሳዩኝና ለአከራይዋ እኔ እነግራታለሁ። ካልሆነ ይደፈን።»

አከራያችንም «ግድግዳውን የምታየው እሷ ናት፤ እስከ ቅዳሜ ከተስማማች ይቆይ» ብላለች። ፊቷን ባታይ ነው የሚሻልህ።

ትናንት ነርሷ ፈቅዳልኝ በሳሙና ቁራጭ፣ ጨርቅ እንደምቆርጥ አድርጌ፣ ወለሏ ላይ መስመሩን ነደፍኩ። ከቀዳዳው ይገባል፣ መቀያየሪያው ላይ ወደ ቀኝ ይይዛል፣ በመስኮቱ ሥር ይዞራል፣ በግራ ተመልሶ በገባበት ይወጣል። በዚህ ጊዜ ግድግዳው ሥር አላጠፍኩትም። ቆንጆ ንድፍ ነው። እንዳለ ግን ሳሙና ነው። ያለኝን ሐዲድ ብደረድርበትም አልሆነም፤ ቀጥ ያለ ሐዲድ እንዳንተው ነው፣ አይታጠፍም።

ይህን ደብዳቤ ስጀምር «ኩርባዎቹንና መቀያየሪያውን በሾፌሩ ላክልኝ» ብዬ ነበር የጻፍኩት። ባለቤቴ ከትከሻዬ በላይ አንብባ «ውሸታም» አለችኝ። «ሞተሩን የገዛህበት ሱቅ ኩርባ የለውም?»

አለው። መስኮቱ ላይ ደርድሮታል። ቅዳሜ ሳይደርስ ገዝቼ ልገጥመው እችላለሁ፤ ነርሷም ደስ ይላታል፤ ግድግዳውም ሳይደፈን ይቀራል። ያን ሁሉ አስቤ ሱቁ በር ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ያ ባቡር ሄዶ ራሱ ከተመለሰ ከግድግዳው ወዲያ ሰው አያስፈልገውም ማለት ነው። ዕቃህን ስንጭን ያልነገርኩህም ይኸው ነው፤ ስትሄድ ቤቴ ጎደለ። ናፍቀኸኛል።

ስለዚህ ኩርባዎቹን አትላክ። ይዘሃቸው ና። ዓርብ ጠዋት አውቶቡስ አለ፤ ካመለጠህ ተቆጣጣሪ ነበርኩ ብለህ ለማንም እንዳታወራ። ልጅህን ባለቤቴ ደውላ ታስፈቅድልሃለች። ፍራሽህን ሳሎን ውስጥ አንጥፋልሃለች፤ ከሐዲዱ ዳር በቀር ሌላ ቦታ ስላልተገኘ፣ ባቡሩ በራስጌህ ያልፋል።

ወዳጅህ፣
ልብስ ሰፊው