በፍስክ ቀን ጎመን

አልሚዬ፣

ከተለየሽኝ ሁለት ዓመት ከአንድ ወር ሆነ። እዚህ ጥቅምት ገብቷል። ጠዋት ጠዋት ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ረፋድ ላይ ግን ፀሐይዋ ደስ ትላለች። ሰፈራችን አብነት እንደምታውቂው ነው፤ የሶፋ ቤቴ በር ላይ አቧራውም ጫጫታውም አልቀነሰም። እኔም ያው ስፖንጅ እቆርጣለሁ፣ ጨርቅ እወጥራለሁ። አዲስ ነገር ቢኖር ሰውዬሽ ወጥ መሥራት መጀመሩ ነው። ሳቂ፣ ግድ የለም።

ነገሩ የመጣው በሐኪም ትእዛዝ ነው። ክረምቱን ሙሉ ውኃ ጥም አላስቀምጥ ሲለኝ ልጃችን ሄለን እየጎተተች ወስዳ አስመረመረችኝ። ስኳር አለብህ ተባልኩ፣ በሃምሳ ሦስት ዓመቴ። ነርሷ እንጀራው ይቀነስ፣ ቅቤና ጨው ይቀነስ፣ አትክልት ይብዛ እያለች ስታስረዳኝ አንገቴን ደፍቼ ሰማሁ። ያኔ ላንቺ የተባለውን ነበር ቃል በቃል የምትደግመው።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ዘንቢሌን ይዤ ወደ ልደታ ማርያም እወርዳለሁ። መንገድ ዳር የሚሸጡት ሴቶች ዘንድ በዚህ ወር የሌለ ነገር የለም፤ ጤዛው ያልደረቀ ጎመን፣ እሸት ባቄላ፣ ዱባ፣ ቀይ ሥር፣ አፈሩን ያልለቀቀ አዲስ ድንች። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ዱባውን እንደ ጣውላ በጣቴ እያንኳኳሁ ስመርጥ፣ አንቺ ደንበኛዋ የነበርሽው ሴትዮ አይታኝ ሰፈሩን ሁሉ አሳቀችብኝ። የማን ባል እንደሆንኩ ስነግራት ግን ሳቋን አቁማ አንድ እስር ጎመን በነፃ ጨመረችልኝ።

የመጀመሪያውን ጎመን አሳረርኩት። ሁለተኛውን እንደ ሣር አኘክነው። ጎመን በራሱ ውኃ እንዲበስል፣ ዘይት በማንኪያ ተለክቶ እንዲገባ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል መጨረሻ ላይ ጣል እንዲደረግ ያስተማረችኝ ሄለን ናት። እሸት ባቄላውን ከቲማቲምና ከቃሪያ ጋር ለብ ለብ አደርገዋለሁ። በዱባው ግን ማንም አይነካኝም፤ ቀይ ሽንኩርቱን አቁላልቼ፣ በርበሬ ሳላበዛ፣ በትንሽ እሳት ቀስ ብዬ። ጨው ሲጎድልብኝ ሎሚ ጠብ አደርግበታለሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ይጣፍጣል። የሚያንገበግበኝም ይኸው መጣፈጡ ነው።

ምክንያቱም ያን ጊዜ አልቀመስኩትም። ከምርመራ ተመልሰሽ ስኳር አለብሽ የሚለውን ወረቀት ያሳየሽኝን ቀን አልረሳውም። ሄለን ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ነበረች፤ ፈተናዋን እስክትጨርስ እንዳትሰማ ብለሽ አስማልሽኝ። በማግስቱ ጎመንና ካሮት ሠርተሽ አቀረብሽ። እኔ ደግሞ በፍስክ ቀን ጎመን ምን ይሠራል ብዬ ፊቴን አጠቆርኩ። ለየብቻ እንዳንበላ፣ ባልና ሚስት ከአንድ ትሪ መብላት ትተው ሰሃን ከለዩ ተጣልተዋል ነው የሚባለው። አንቺም አልደፈርሽውም። ስለዚህ ዘንድሮ የጽጌን ጾም ልጹም አልሽ፣ ጾመሽው የማታውቂውን። ብልሃትሽ ወዲያው ነው የገባኝ። ገብቶኝም ጽጌ የፈቃድ ጾም ነው እያልኩ ቀለድኩብሽ፤ ቅቤ የጠጣውን ጥብስ በእንጀራ ጠቅልዬ አጎረስኩሽ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብዬ ደገምኩሽ። ዓይን ዓይኔን እያየሽ ዋጥሽው። እኔ ያን ፍቅር ነው ብዬ ነበር አልሚዬ። ዛሬም ፍቅር አልነበረም ማለት አልችልም፤ ግን ምላሴን ስሰማ አንቺን አልሰማሁሽም።

ከዚያ በኋላ ጎመኑን ተውሽው። ሄለን ተመርቃ ስትመጣም ዛሬ ነገ ስንል ሳንነግራት ቀረን። ያወቀችው ስትወድቂ ነው፣ ያኔ ኩላሊትሽ ደክሞ ነበር። ለቅሶው ላይ የመጣው ሁሉ ሕመሟን ደብቃ ጎዳችን ይል ነበር፤ ልጅሽም እማዬ ለምን ደበቀችን እያለች ነው ያለቀሰችው። እኔ ዓይኔን በጨው አጥቤ ዝም አልኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ልጅሽ በኔ ጥፋት አንቺን ተቀየመች፣ እኔም የሷን ማጽናኛ እየተቀበልኩ ተቀመጥኩ።

አሁን ሄለን ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ተከራይታ ነው የምትኖረው። እሑድ እሑድ እየመጣች አብረን እንበላለን። ያለፈው እሑድ ዱባዬን ቀምሳ አመሰገነችኝና ትንሽ ቆይታ፣ «እማዬም ብትነግረን ኖሮ እንዲህ እንሠራላት ነበር» አለች። የተናገረችው በቁጣ አልነበረም፤ ድምጿ አንጀቴን በላው።

«ነግራኝ ነበር፣ ሄሊ» አልኳት። «ለኔ ነግራኝ ነበር።»

አንዱንም ሳላስቀር ነገርኳት፤ ወረቀቱን፣ ጎመኑን፣ ጽጌውን፣ ጉርሻውን። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። ከዚያ እጇን ታጥባ፣ ጃኬቷን አንሥታ ወጣች። በሩን እንኳ በቀስታ ነው የዘጋችው፤ ብታላትመው ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ አልደወለችም። ማክሰኞም፣ ረቡዕም። ሥራ ላይ ልቤ ሌላ ቦታ ሆኖ የሰው ጨርቅ አጣምሜ ቆረጥኩ። ሐሙስ ሆድ ባሰኝና ለማን ብዬ ነው የምጠነቀቀው ብዬ ሥጋ ቤት በር ላይ ቆምኩ። ከዚያ ተመልሼ ጎመኔን ከተፍኩ። ብቻዬን ስበላ አንቺ ያንን ሁሉ ጊዜ እንዴት ብቻሽን እንደተሸከምሽው ገባኝ። እንደዚያ ቀን አልቅሼልሽ አላውቅም።

ዛሬ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። ድምጿ ሻክሯል።

«አባዬ፣ ቁርስ በላህ?» አለችኝ።

በላሁ አልኳት፣ የተቀቀለ ባቄላና ግማሽ እንጀራ።  «እሑድ ከምሳ በፊት እማዬ መቃብር ጋ እንሂድ። ይቅርታ የምላት ነገር አለኝ» አለች።

ያንቺ ልጅ ናት አልሚዬ፣ የኔን ጥፋት እንኳ ቀድማ ይቅርታ ልትጠይቅበት ነው። እሑድ ከሷ በፊት የምናገረው እኔ ነኝ። ከእንግዲህ ሕመሟን ደብቃ ሞተች የሚል ሰው ፊቴ ቢያነሣሽ ዝም አልልም። ነግራኛለች፣ ያልሰማኋት እኔ ነኝ እላለሁ። በሕይወት እስካለሁ የማስታውስሽ እንዲህ ነው።

ባልሽ
ታደሰ